ከነሥሩ የወጣ ፀጉር

ጥቅምት 3

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣ ለጎፈሬዬ፣

ሰላምታዬ ከደጃፋችሁ ገብቶ እስከ ጓዳችሁ ይድረስ። እናትሽ እንዴት ናት? ጉልበቷስ? ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረቦችሽ፣ ያ ጨቅጫቃ የፎቶ ቤት አለቃሽ ሁሉ ደህና ናቸው ወይ? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከእግር ሕመምና ከናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልሆንኩም። ፀጉር ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው እግሩን ካላመመው እሱም ሌላ በሽታ ነው።

የላክሽው ፎቶ ደረሰኝ። መጀመሪያ ካስክ ሥር ለተቀመጡት ደንበኞቼ ሁሉ አዞርኩት። «የእህቴ ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለ ፀጉር አይታችሁ ታውቃላችሁ?» እያልኩ አፌን ሞልቼ ጎረርኩ። ቤት ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ እግሬን ሰቅዬ ደግሜ ሳየው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

ጎፈሬ፣ በግራ በኩል ከግንባርሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ፀጉርሽ በራሱ ጊዜ የሚጠመዘዝበት ቦታ አለ። ስንት ሚዶ የሰበርኩበት ቦታ ነው። አንቺ እያለቀስሽ፣ እኔ እየተቆጣሁ፣ እናትሽ «ቀስ በይ፣ ራስ እኮ ነው» እያለች። ፎቶው ላይ ያ ቦታ የለም። ፀጉሩ ከዳር እስከ ዳር ቀለም የተቀባ ግድግዳ ይመስል እኩል ጥቁር ነው። ጉንጭሽም ላይ አንዲት ነቁጥ አጣሁበት። የሰው ጉርድ ፎቶ ስታሳምሪ የምትውይ ልጅ፣ የራስሽን ለእኔ ማሳመር ለምን አስፈለገሽ?

በስልክ ያልጠየቅኩሽ እናንተ ቤት ስልክ የሚወራው ከነቤተሰቡ ስለሆነ ነው። እህቴ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች። አንቺ «ደህና ነኝ» ትያለሽ፣ እሷ «ደህና ናት» ትላለች፣ እኔም «ደህና ሁኑ» ብዬ እዘጋለሁ። ደብዳቤ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያነብበው። በፎቶ ቤቱ አድራሻ የላክሁልሽም ለዚህ ነው።

ፀጉርሽን ምን ነካው? ሳትሸፋፍኚ ንገሪኝ።

ክፉ አይይሽ።
አክስትሽ


ኅዳር 5

ለውድ አክስቴ፣

ባለሽበት ሰላምሽ ይብዛ፣ እግርሽም ይዳንልሽ። እማዬ ደህና ናት፤ ክረምቱ ሲወጣ ጉልበቷ ለቀቅ አድርጓታል። አለቃዬም አለ፤ መጨቅጨቁን አላቆመም። እኔ ደህና ነኝ።

«እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ልሰርዘው አሰብኩና ወረቀቱ እንዳይበላሽ ተውኩት።

እሺ፣ ያዝሽኝ። ፎቶውን ነካክቼዋለሁ። ከክረምቱ ጀምሮ ፀጉሬ ይረግፋል። መጀመሪያ ትራሴ ላይ አየሁት፤ የማንም ፀጉር ይረግፋል ብዬ አራግፌ ተነሳሁ። ቀጥሎ የመታጠቢያው ውኃ መውረጃ ተደፈነ። እማዬ በሽቦ ስታወጣው ድፍን እፍኝ ወጣ። «ሻምፑ ቀይሬ ነው» አልኳት። ከፊት በኩል የቀረው ቁርጥርጥ ብሎ የሕፃን ፀጉር መስሏል። አናቴ ላይ ደግሞ ጣቴን ስሰድ የሚያዳልጠኝ ክብ ቦታ አለ፤ ዳሩ ይቀላል። ጉንጮቼም ከአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ይቀላሉ፤ ፀሐይ ሲነካኝ ይብስብኛል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል፤ የኮምፒውተሩን ማውስ የምይዘው በመዳፌ ነው።

መስከረም ላይ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ደሜን ወሰደች፣ ክኒን አዘዘችልኝ። የደም ነገር ነው። የበሽታውን ስም ነግራኛለች፤ እኔ ግን ስሙን አልወደድኩትም፤ ስለዚህ አልጽፈውም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ጉርድ ፎቶ ለመነሳት የሚመጣ ሰው ጆሮው መታየት አለበት። «እህቴ፣ ሻሹን ወደ ኋላ ገፋ አድርጊው» እያልኩ የማዘው እኔ፣ ራሴ እስከ ቅንድቤ በሻሽ ተጠቅልዬ ነው። ባለፈው አንዷ «አንቺስ?» አለችኝ። እየቀለደች ነው፤ ክፋት የለባትም። አለቃዬ ሳቀ፣ ወረፋ የያዙትም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁና ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ አለቀስኩ።

አክስትዬ፣ ምን ልሁን? ለእማዬ አትንገሪያት፤ እሷ የሚመስላት ሥራ በዝቶብኝ እንደደከመኝ ነው።

ጎፈሬሽ (እንዲህ ብሎ መፈረም ከተቻለ)


ኅዳር 24

ለጎፈሬዬ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የአንዲትን ሙሽራ ፀጉር እየጠቀለልኩ ነበር። አንብቤ ተመለስኩ እንጂ ቢጎዲኑን የት የት እንደሰካሁት እኔም አላውቅም፤ ሙሽራዋ ግን ወዳዋለች።

አሁን የምልሽን ስሚ። እኔ ፀጉር ሳላይ አልፈርድም። ከመጀመሪያዋ አሠሪዬ ጀምሮ የተማርኩት ይህንን ነው፤ ሰው ስለ ፀጉሩ ሲናገር ግማሹን ያጋንናል፣ ግማሹን ይደብቃል። ስለዚህ ላኪልኝ። እንዳትነቅዪ! ጠዋት ስታበጥሪ ሚዶው ላይ የቀረውን ብቻ፣ ሳታጥቢው፣ ነጭ ወረቀት ላይ አስተኝተሽ እጠፊው። የፊቱን ለብቻ፣ የአናቱን ለብቻ። ከዚያ እኔ ጫፉን አየዋለሁ። የተሰበረ ፀጉር ጫፉ ባዶ ነው። ከነሥሩ የወጣ ግን የጨው ቅንጣት የማታህል ነጭ ነገር ጫፉ ላይ አለችው። እሷን ካየሁ ነገሩ ከውስጥ ነው ማለት ነው።

የደምሽን ነገር ሐኪሟ ታውቀዋለች። ፀጉርሽ ግን የእኔ ነው፤ ከተወለድሽ ጀምሮ የእኔ ነው።

ወደዚያ ለምትሄድ ሴት ቅባት ሰጥቻታለሁ፤ ለብ አድርገሽ በጣትሽ ጫፍ ተቀቢው። ለእህቴ እንዳልነግራት ብለሻል፤ አልነግራትም። እህቴን ዋሽቻት ግን አላውቅም፤ ይህንንም እወቂ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 12

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ቅባቱ ደርሶኛል፤ ሽታው እጅሽን አስታወሰኝ።

ፀጉሩን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ስታጥፊና ስትዘረጊ ተጠንቀቂ፤ እኔ ሳጥፈው ሰው የምቀብር መሰለኝ። ይቅርታ፣ እንዲህ ልጽፍልሽ አልፈለግሁም ነበር።

የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። ክኒኑ ፊቴን አሳብጦታል። እማዬ ታዲያ «ተመስገን፣ ልጄ ሥጋ ጨመረች» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። በየመንገዱ «ተመቸሽ! ምን እየበላሽ ነው?» ይሉኛል። ፀጉሬ እየሳሳ፣ ፊቴ እየሰፋ፣ መስታወት ፊት ስቆም ከማላውቃት ሴት ጋር እየተያየሁ ነው። አለቃዬ ከፊት አንስቶ ወደ ጓዳ አዛወረኝ፤ ፎቶ ማስተካከል ብቻ ነው የምሠራው። «ለጤናሽ ብዬ ነው» አለኝ። እውነቱንም ይሆናል።

ሐኪሟ «አንድም ቀን እንዳታቋርጪ፤ ፀጉሩ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ውስጥሽ ይረጋ» ትላለች። «ውስጥሽ» ስትል የቱን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። መልሱን እንዳልሰማ ፈርቼ ነው።

እማዬ ፀጉሬን ልታየው ከፈለገች ቆይታለች። «ሻሽ ምን ያደርግልሻል፣ ነይ ልሥራሽ» ትለኛለች። ራሴን አሞኛል እያልኩ አመልጣታለሁ።

ፈርደሽ ጻፊልኝ፤ ሐኪሟን አከብራታለሁ፣ የማምነው ግን አንቺን ነው።

ጎፈሬሽ


ጥር 8

ለጎፈሬዬ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ደብዳቤሽ በዓላቱ መሀል ገብቶ ዘገየብኝ፤ ሰው ሁሉ ፀጉር የሚሠራበት ሰሞን ነው፤ ቁጭ ብዬ ውኃ የጠጣሁበት ቀን የለም።

ፀጉርሽን አየሁት። መስታወቱ አጠገብ ያለው መብራት ሥር ነጭ ፎጣ አንጥፌ፣ አንድ በአንድ ዘረጋሁት። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «የማን ነው?» ብላ ልትነካው ስትል እጇን መታሁት። ጎፈሬዬ፣ ሁሉም ጫፉ ላይ ነጯ ነገር አለችው። ከነሥሩ የወጣ ፀጉር ነው። አንዲትም የተሰበረ የለበትም ማለት ይቻላል።

ይህ የመድኃኒት ሥራ ነው። አይቼዋለሁ እኮ! አንዲት ደንበኛዬ ለሌላ በሽታ ክኒን ጀምራ እንዲሁ ከነሥሩ እየወጣ እጄ ላይ ቀረ። ክኒኑን ሲቀይሩላት ፀጉሯ እንደ ሣር በቀለ። የሚያሳብጥሽም እሱ፣ የሚመልጥሽም እሱ። ሐኪሞች አንዱን አካል ሲጠግኑ ሌላውን አያዩም፤ ፀጉር ደግሞ ለእነሱ አካልም አይደለ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ክኒኑን ለጊዜው አቁሚው። ለዘላለም አላልኩም፤ ፀጉርሽ ትንፋሽ እስኪያገኝ። ቅባቱን ሳታቋርጪ ተቀቢ፣ ሻሹን ቤት ውስጥ አውልቂው፣ እንቅልፍሽን ተኚ። አዲስ ፀጉር ሲያቆጠቁጥ በመዳፍሽ ይሻክርሻል፤ ያኔ ትጽፊልኛለሽ፣ እኔም እዚህ እልል እላለሁ።

አይዞሽ። እኔ እያለሁ መላጣ አትሆኚም!

አክስትሽ


የካቲት 15

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኔ ደህና ነኝ፤ በዚህ ጊዜ የምሬን ነው።

እንዳልሽኝ አቆምኩት። ፊቴ ጎደለ፤ አጥንቴን መልሼ አገኘሁት። መስታወት ፊት ቆሜ «እንኳን ደህና መጣሽ» አልኳት ራሴን። ለሐኪሟ አልነገርኳትም፤ ቀጠሮዬም አልፏል፤ ስትደውል አላነሳሁም። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲቀር የሚሰማው ዓይነት ደስታ ተሰማኝ።

መርገፉ የቀነሰ ይመስለኛል። ወይም የሚረግፈው ራሱ ቀንሶ ይሆናል፣ ሂሂ። ቅባቱን እሻለሁ። አንድ ቀን ግራ ጎኔ ላይ የሻከረኝ መሰለኝና ተነስቼ መብራት አበራሁ፤ የትራሱ ጨርቅ ነበር።

ጉልበቴና ጣቶቼ ያው ናቸው፣ እንዲያውም ትንሽ ብሰዋል። ጫማዬም ጠቦኛል፤ ማታ ሳወልቀው እግሬ ላይ የክሩ ምልክት ይቀራል። ያንቺ ዘር መሆኔ በእግሬ ታወቀ ማለት ነው።

እማዬ እህል አልበላ ስላልኳት ትቆጣኛለች። «ወፍረሽ ነበር እኮ፣ ዓይን በልቶሽ ነው» ትላለች።

በቃ፣ ልሂድ፤ የስንት ሰው ብጉር ይጠብቀኛል።

ጎፈሬሽ


መጋቢት 6

ለጎፈሬዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ፊትሽ መጉደሉን ሳነብ ደስ ብሎኝ ለደንበኞቼ ሁሉ ሻይ አስመጣሁ። አላልኩሽም?

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጫማሽ ለምን ጠበበሽ? የእኔ እግር የሚያብጠው ቀኑን ሙሉ ስለምቆም ነው። አንቺ ወደ ጓዳ ከተዛወርሽ ወዲህ ተቀምጠሽ ነው የምትውዪው። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐኪሟ ጋ ሂጂና እግርሽን አሳያት። ስለ ክኒኑ ብትቆጣሽም ችለሽ ስሚያት።

ቶሎ ጻፊልኝ።

አክስትሽ


ሚያዝያ 10

ጎፈሬ፣

ለምን አትጽፊልኝም? ስልክ ስደውል እናትሽ «ተኝታለች» ትለኛለች። ትላንትም ተኝታለች፣ ባለፈው ሳምንትም ተኝታለች። ድምፅዋ ደግሞ የእህቴ ድምፅ አይደለም። «ምን ሆናችሁ?» ስላት «ምንም» አለችና ዘጋችው።

ፀጉሩን ተዪው፤ ስለ ፀጉር አልጠይቅሽም። አንድ መስመር ብቻ። እጅሽን ካመመሽ አለቃሽ ይጻፍልሽ።

አክስትሽ


ግንቦት 2

አክስትዬ፣

ሰላምታውን ዝለይልኝ። ተኝቼ ነው የምጽፈው፤ ጣቶቼ ብዕር አልይዝ ስለሚሉ ፊደሌ የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል ቢመስልሽ አትሳቂብኝ።

ሆስፒታል ነኝ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጥኩ ትንፋሽ አጠረኝ። ያ ጨቅጫቃ አለቃዬ ተሸክሞ ታክሲ ውስጥ አስገባኝ፤ መንገዱን ሁሉ ከእኔ ይልቅ እሱ ነበር የሚያለቅሰው።

ያልጻፍኩልሽን ስም አሁን ልጻፈው። ሉፐስ ይባላል። ሰውነታችንን ከበሽታ እንዲጠብቅ የተሰጠን ኃይል ዞሮ የገዛ አካላችንን ይወጋል። አንዱን ሰው ቆዳውን፣ ሌላውን መገጣጠሚያውን ይይዘዋል፤ የእኔ ፀጉሬንም ኩላሊቴንም አልማረም። እግሬ ያበጠው ለዚያ ነበር። ሽንቴም እንደ ሳሙና አረፋ ከሆነ ቆይቶ ነበር፤ እሱን አልጻፍኩልሽም።

ሐኪሟ ሻሼን አውልቃ ራሴን አየችው። ቀስ ብላ ነው ያየችው፤ በጣትዋ። «ፀጉርሽን ያረገፈው መድኃኒቱ አልነበረም፤ በሽታው ነው። መድኃኒቱ በሽታውን ቢያረጋጋው ኖሮ አብዛኛው ተመልሶ ይበቅል ነበር» አለችኝ። አናቴ ላይ ያሉት ክብ ቦታዎች ግን ጠባሳ ሆነዋል፤ እነሱ ከእንግዲህ አያበቅሉም።

«ማን ነው አቁሚ ያለሽ?» አለችኝ።

«ማንም» አልኳት። እማዬ አልጋው ራስጌ ቆማ ነበር።

አሁን በደም ሥር የሚሰጥ ጠንካራ መድኃኒት አለ። ኩላሊቴን ካተረፈልኝ እሱ ነው። እሱ ግን የእውነትም ፀጉር ያሳሳል፤ የቀረኝንም ሊወስደው ይችላል ብላኛለች። የምፈርመው ወረቀት ኮሞዲኖው ላይ ነው። እስካሁን አልፈረምኩም።

አበደች በይኝ። እዚህ ሁሉም ሰው ስለ ኩላሊቴ ይጠይቀኛል፤ ስለ ፀጉሬ ያለቀሰልኝ የለም። «ሕይወት ይበልጣል» ይሉኛል። መብለጡ ጠፍቶኝ አይደለም። የቀረችኝን ትንሽ ነገር በገዛ እጄ ፈርሜ መስጠት ነው ያቃተኝ። ፀጉር ትልቅ ነገር መሆኑን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። አቁሚ ስትይኝ አቆምኩ። አሁንም አንቺ የምትይኝን ልስማ።

በስልክ አይሆንም፤ እማዬ ከአጠገቤ አትጠፋም። አንቺም አትምጪ። ጻፊልኝ።

ጎፈሬሽ


ግንቦት 17

ጎፈሬዬ፣ ልጄ፣

ይርገፍ።

ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ወረቀቱን አምጪና ፈርሚ። ይርገፍ፤ አንድም ሳይቀር ይርገፍ። አንቺ ብቻ ቅሪልኝ።

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ነው የተቀበልኩት። የአንዲት ሴት ራስ በአረፋ እንደተሞላ ትቻት መጸዳጃ ቤት ገባሁ። አሠሪዬ በሩን እስክታንኳኳ ድረስ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማጠብና መጥረግ እሠራለሁ እንጂ የሰው ራስ ላይ አልፈርድም። «ፀጉሬ ለምን ይረግፋል?» ብላ የምትጠይቀኝን ሁሉ «ሐኪም ጋ ሂጂ» እላታለሁ። ይሄው አሁን አወቅሁ፤ ለሌሎች ሴቶች አወቅሁ።

የፊተኛውን ደብዳቤሽን አውጥቼ አነበብኩት። «ከክረምቱ ጀምሮ» ብለሽኛል። ሐኪም ጋ የሄድሽው መስከረም ነው። ክኒኑ ሳይኖር ፀጉርሽ ይረግፍ ነበር! አጠገቤ ተጽፎ ነበር እኮ። ፀጉሩን ፎጣ ላይ ዘርግቼ መብራት ሥር ሳጎነብስ ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። ነጯ ጫፍ ፀጉሩ ከነሥሩ መውጣቱን ትናገራለች፤ ለምን እንደወጣ አትናገርም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፣ ጎፈሬዬ። ጥፋተኛው መድኃኒቱ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነው። መድኃኒት ከሆነ «አቁሚ» ብዬ አድንሻለሁ። በሽታ ከሆነ ግን ሚዶ የያዘች ሴት ምን ታደርግልሻለች?

ስለ ፀጉሬ ያለቀሰልኝ የለም ብለሻል። እኔ አልቅሼለታለሁ፤ አሁንም አለቅስለታለሁ። ሲወለድ ያየሁት ፀጉር ነው። አታልቅሺ አልልሽም፤ እያለቀስሽ ፈርሚ።

ለእህቴ ደወልኩላት። አስቀድሜ «መድኃኒቱን ትውሰድ በያት» አልኳት። ቀጥዬ «የፊተኛውን አቁሚ ያልኳት እኔ ነኝ» አልኳት። ትንፋሽዋ ይሰማኛል። ከዚያ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ብደውል አታነሳም፤ እውነትዋን ነው።

መምጣት እፈልጋለሁ። በምን ዓይኔ እንደማያችሁ ግን አላውቅም።

አክስትሽ


ሐምሌ 9

አክስትዬ፣

አለሁ። ሰላምታ እንዲሆንሽ ይህችን ልላክልሽ፤ አለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከፈረምኩ በኋላ ነው፤ አልጠበቅኩሽም። አንድ ቀን ነርሷ ራሴን ልታጥበኝ ስትመጣ እማዬ «እኔ አጥባታለሁ» ብላ ሳፋውን ተቀበለቻት። ሻሼን ፈታችው። ሐኪሟ ስታየኝ እማዬ ፊትዋን አዙራ ነበርና ያን ቀን ገና አየችው። ጣቶችዋ ክቡ ቦታ ላይ ቆሙ። አላለቀሰችም። «ለዚህ ነው?» አለችኝ። «ለዚህ ብለሽ ነው እኔን ያለ ልጅ ልታስቀሪኝ የነበረው?» ማጠቧን ቀጠለች። ውኃው ለብ ያለ ነበር። ስትጨርስ ወረቀቱን አቀብዪኝ አልኳት።

እንደተባለው ረገፈ። ከአልጋ አንሶላ ላይ በእጅ የሚለቀም ፀጉር እንኳ አልቀረም፤ ቅንድቤም ሳስቷል። አንዳንዱ ሊመለስ ይችላል ይሉኛል፤ አልጠብቀውም።

ኩላሊቴ ግን አልተመለሰም። ሐኪሟ «ዘግይተናል» አለችኝ። «ዘግይተናል» ስትል ራስዋንም አብራ መጨመርዋ ደግነትዋ ነው። አሁን ደሜን ማሽን ያጥብልኛል። ክፍሉ ረጅም ነው፣ ወንበሮቹ በመስኮቱ በኩል ተደርድረዋል፤ ሁላችንም በየማሽናችን ታስረን ጣሪያ እናያለን። አጠገቤ የምትቀመጠው ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ የተማሪዎችዋን ጥፋት ትነግረኛለች። ስወጣ እግሬ የእኔ አይመስለኝም፤ ቤት ስደርስ እተኛለሁ። ሥራ ትቻለሁ። አለቃዬ ወንበሬን ለማንም እንደማይሰጥ ይምላል፤ እሱም እኔም እንደማልመለስ እናውቃለን።

ለእማዬ «ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ ደብዳቤ እጄን አልያዘኝም» አልኳት። እውነት ነው፤ ሐኪሟ አታቋርጪ ብላኝ ነበር፤ የበሽታውንም ስም ደብቄሽ ነበር። እማዬ አልሰማችኝም። ስልኩ ሲጮህ ቁጥርሽን አይታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ስምሽን አትጠራም፤ አንዳንዴ ግን ስትደክም ሳታስበው እኔን ባንቺ ስም ትጠራኛለች፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ አትናገረኝም።

አልተቀየምኩሽም ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ይለኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ማሽኑ ላይ ተኝቼ እቀየምሻለሁ፤ በጣም እቀየምሻለሁ። ያ ቅያሜ ደክሞት ሲተወኝ ደግሞ ራሴን የሚነካ ሰው ያምረኛል። ሰው ሁሉ እጄን ይይዘኛል፣ ትከሻዬን ይነካኛል፤ ራሴ ላይ ሲደርስ እጁን ይሰበስባል። ያኔ የሚናፍቀኝ ያንቺ እጅ ነው፤ ምንም የሚሠራው ፀጉር ባይኖርም።

ፊት አትምጪ ብዬሽ ነበር። አሁን ነይ። ሐኪሟ ዕድሜዬን በዓመት አትቆጥርልኝም፤ እኔም አልጠይቃትም፤ ስለዚህ አትዘግዪ። በምን ዓይኔ አያችኋለሁ ብለሻል፤ ባለሽ ዓይን ነይ።

እማዬ በሩን ላትከፍትልሽ ትችላለች። እኔ እከፍትልሻለሁ። ብቻ ስታንኳኪ ቶሎ ተስፋ ቆርጠሽ አትመለሺ፤ ከአልጋዬ ተነስቼ በሩ ጋ እስክደርስ ጊዜ ይወስድብኛል።